ብርጭቆው እስኪጮህ

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ኪልበርን ዋናው መንገድ ላይ ዝናብ ያካፋል። ጋሽ ሱለይማን ጥላ አይዙም፤ ኮፍያ አላቸው፣ እሱ ይበቃቸዋል። ከዊልስደን ከዘራቸውን ይዘው በአውቶቡስ የመጡት ሦስቱን የልጅ ልጆቻቸውን ከቁርኣን ትምህርት ቤት ሊወስዱ ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠው በስደት የሚኖሩ ሰዎቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚከራዩት አዳራሽ ነው። ልጆቹ ቁርኣን ይቀራሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ የቀትሩን ሰላት ዙህርን ሰግደው ይበተናሉ። ጋሽ ሱለይማን ሌላ ጊዜ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ እንጂ አይገቡም። ዛሬ ዝናቡ ገፍቶ አስገባቸው። ሌሎቹ ልጆች ተበትነዋል፤ አዳራሹ ውስጥ ሰው የለም። ከጓዳ በኩል ግን ሳቅና የሳህን ኳኳታ ይሰማል። በሩን ገፋ አድርገው አዩ።

ኡስታዝ ሀምዱ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ያልሞላው፣ ቁርኣንን በቃሉ የያዘ፣ ሽማግሌዎች እንኳ ሲገባ የሚነሱለት ወጣት፣ ቢጫ የላስቲክ ጓንት አጥልቆ ድስት ይፈትጋል። አጠገቡ ከልጅ ልጆቻቸው ትልቁ፣ አሥር ዓመት የሞላው ነስረዲን ፎጣ ይዟል። የሰባት ዓመቱ ሳቢት ሳህን ይደረድራል። የአምስት ዓመቱ ዘይድ ወንበር ላይ ቆሞ እስከ ክርኑ አረፋ ውስጥ ገብቷል።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ጋሽ ሱለይማን።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ! ይግቡ። እንዳያንሸራትትዎ ብቻ፤ ዘይድ ግማሽ ባሕር እዚህ አፍስሷል።»

«ወአለይኩም ሰላም። ምንድን ነው ይሄ?»

«ምሳ በልተን ነበር፤ እያጠብን ነው።»

«እሱንማ አያለሁ። ሴቶቹ የት ሄዱ?»

«የትኞቹ ሴቶች?»

«የሚያጥቡት።»

«የበላነው እኛ ነን፣ ጋሼ» አለ ሀምዱ፣ በትሕትና።

ጋሽ ሱለይማንን ያበሳጫቸው ትሕትናው ነው። ባለጌ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልላቸው ነበር።

ነገሩ ደግሞ የአዳራሽ ሳህን ብቻ አልነበረም። ሐሙስ ማታ ምራታቸው መይሙና ደብዳቤ ይዛ ቀርባ ነበር። መይሙና ጠዋት ጠዋት አረጋውያንን እቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። ልቧ ግን አዋላጅ መሆን ነው። ለዚያ ለሚያዘጋጅ ኮርስ አመልክታ ነበር፣ ተቀበሏት፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ማታ። እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለባት። ባሏ ሙባሽር አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ፈረቃው ስለሚለዋወጥ ማታ ሁልጊዜ አይገኝም። «ልጆቹ ያግዛሉ፣ እኔም ስኖር አግዛለሁ» ብሎ ነበር። ጋሽ ሱለይማን ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ «እኔ ቤት ወንድ ልጅ ሳህን አያጥብም» አሉ። ቤቱ በስማቸው ነው። ቃላቸውም ቤቱ ውስጥ የመጨረሻው ቃል ነው። መይሙና ደብዳቤውን አጥፋ ከስኳሩ ቆርቆሮ ጀርባ አኖረችው።

«ኡስታዝ» አሉ አሁን ጋሽ ሱለይማን፣ «እነዚህን ልጆች የላክሁልህ ቁርኣን እንድታስቀራቸው ነው። ለሳህንማ ማሽን ተሠርቶለታል።»

«እርስዎ ቤት ማሽን አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያጥበው?»

 ሳቢት ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ነስረዲን በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«ስማኝ ልጄ። ወንድ ልጅ ማጀት ከለመደ ይልፈሰፈሳል። ነገ ሚስቱ ታዘዋለች። ሰው ይስቅበታል።»

«እኔ ላይ የተሳቀብኝ ባለመልመዴ ነው፣ ጋሼ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ እናቴ አንድ ቀን እንኳ ማንኪያ አስነክታኝ አታውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ሩዝ ቀቀልኩ። ድስቱን ከነሩዙ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በድንች ጥብስ ኖርኩ። ዳዊት የሚባል አብሮኝ የሚኖር ልጅ ነበር፤ ‹አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ቁርኣን በቃልህ ይዘህ እንቁላል መቀቀል እንዴት አቃተህ?› ይለኝ ነበር።»

ልጆቹ ሳቁ። የጋሽ ሱለይማን ጢም ነቅነቅ አለ፤ ጥርሳቸው ግን አልታየም።

«ጋሼ፣ ልጅ ሆነው ቁርኣን ሲቀሩ፣ ነቢያችን እቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር አልተማሩም?»

«ተምሬያለሁ።»

«ምን አሉዎት?»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ቤተሰባቸውን ያግዙ ነበር። ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ ነበር። ሰላት ሲደርስ ተነሥተው ይወጡ ነበር።»

«ታዲያ?»

«እሳቸው ነቢይ ናቸው።»

«እኛ ደግሞ እንከተላቸዋለን የምንል ሰዎች ነን። ጢም በማሳደግ ተከትለናቸው የጓዳውን ሥራ ብንተወው እነዚህ ልጆች ነገ አይጠይቁንም?»

ጋሽ ሱለይማን ከሃይማኖቱ በኩል መውጫ ሲያጡ በጊዜ በኩል መጡ።

«ይሁን። ሰዓቱስ? ነስረዲን ሱረቱል ፈጅርን በቃሉ መያዝ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው? መሐል ላይ ሲደርስ ይቆማል። በየማታው እኔ ፊት እዚያው ላይ ይቆማል። አንተ ደግሞ ፎጣ ታስይዘዋለህ።»

ሀምዱ ወደ ልጁ ዞረ። «ነስሩ፣ በል እስቲ። ሥራህን አታቁም።»

ልጁ ሳህኑን እያደረቀ ጀመረ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ግን ይፈሳል። የሚቆምበት ቦታ ደረሰ። ጋሽ ሱለይማን ጣታቸውን ጨበጡ። ልጁ አለፈው። ሳህን አስቀመጠ፣ ሌላ አነሣ፣ እስከ መጨረሻው ወረደው።

«ቤት ለምን ትቆማለህ ታዲያ?» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ቤት አባባ ያዩኛል። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። ስለ እጄ ሳስብ ይጠፋብኛል።»

«እዚህስ?»

«እዚህ እጄ ሥራ አለው።»

 በዚህ መካከል ዘይድ ብርጭቆ አንሥቶ ዘረጋላቸው። «አባባ፣ ሉክ፣ እዩ! ንጹሕ!»

ተቀበሉት። ወደ ብርሃኑ አነሡት። አውራ ጣታቸውን በከንፈሩ ዙሪያ አዞሩ። ጣታቸው ያለ ድምፅ ተንሸራተተ።

«አልታጠበም» አሉ ሳያስቡት። «ብርጭቆ ከታጠበ ይጮኻል።»

 ሀምዱ ጓንቱን አወለቀ። «ጋሼ፣ ይህን ማን አስተማረዎ?»

«አባባ የሆቴል ቦስ ነበሩ!» አለ ሳቢት። «ትልቅ ሆቴል! ፓዲንግተን!»

የሽማግሌው ጆሮ ጋለ። እውነቱን ለመናገር፣ እሳቸው ቦስ፣ ማለት አለቃ፣ ነበርኩ ብለው አያውቁም። «ሆቴል እሠራ ነበር» ነው ያሉት። የሾሟቸው ልጆቹ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሹመቱን አልመለሱም።

ሀምዱ የሽማግሌውን እጅ አየ፤ ልጆቹን አየ። «በሉ፣ ምንጣፎቹን ጠቅልሉ» ብሎ ወደ አዳራሹ ሰደዳቸው። ከወጡ በኋላ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ስንት ዓመት?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ምን ላይ?»

«ምድር ቤት። እቃ ማጠቢያ።» ጋሽ ሱለይማን ብርጭቆውን አሁንም አላስቀመጡትም። «በሱዳን አድርጌ መጣሁ፤ ቋንቋ የለኝም። የተገኘው እሱ ነው። ሙባሽርን በእሱ አሳደግሁ።»

«ወንድነትዎ ጎደለ?»

«ማን ይለዋል እንዲህ!» አሉ ተቆጥተው። ቁጣው ግን የራሳቸውን ክርክር እንዳፈረሰባቸው ወዲያው ገባቸው።

«ለማያውቁት ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠቡ። ለእማማ ናዲራስ?»

ናዲራ ባለቤታቸው ነበረች፤ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ጋሽ ሱለይማን ከሥራ ሲገቡ ሻዩን በታጠበ ብርጭቆ ታቀርብላቸው ነበር። ጠጥተው ባዶውን እዚያው ያስቀምጡታል። ማን እንዳነሣው አይተው አያውቁም።

«አንድ ብርጭቆ እንኳ» አሉ፣ «አንድም።»

«ልወቅስዎ ብዬ አይደለም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ብትወቅሰኝ እመልስልህ ነበር።»

በአውቶቡሱ ላይኛ ፎቅ ልጆቹ የፊተኛውን መቀመጫ ይዘው እየነዳን ነው ሲሉ፣ ጋሽ ሱለይማን እስከ ዊልስደን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩ ነበር።

ከመግሪብ ሰላት በኋላ እራት ተበላ። መይሙና ሳህኖቹን ልትሰበስብ ተነሣች። ጋሽ ሱለይማን ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉ።

«ተቀመጪ» አሏት።

«አባባ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ተቀመጪ አልኩሽ።» እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። «ነስሩ፣ ፎጣ። ዘይድ፣ ወንበርህን ይዘህ ና። ሳቢት፣ ብርጭቆ አምጣ። ድስቱን ተወው! ድስት አይቀድምም። ውሃው ስብ ሳይነካው መጀመሪያ ብርጭቆ፤ ቀጥሎ ማንኪያ፤ ከዚያ ሳህን። ድስት መጨረሻ ነው።»

ከዚያ የሆነውን ልጆቹ እስከ ዛሬ ያወራሉ። ያ በከዘራ የሚሄድ ሽማግሌ ብርጭቆውን በግራ ይቀበላል፣ በቀኝ አንዴ ያዞራል፣ ያለቀልቃል፣ ይደፋል፤ ዐይን አይከተለውም። ውሃ አንድ ጠብታ ወለል አልነካም። መይሙና በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

«አባባ፣ ቦስ እንዲህ ያጥባል?» አለ ሳቢት።

እጃቸው ቆመ። «ቦስ አልነበርኩም።»

«እ?»

«አጣቢ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ይህን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።»

ሳቢት አሰበበት። ክብሩ የወረደ ሰው ፊት ምን እንደሚባል አያውቅም፤ ስለዚህ የመሰለውን ተናገረ። «ኦ ማይ ጋድ። ለዚህ ነው የሚፈጥኑት! ቦስማ እንዲህ አይችልም!»

«አይችልም» አሉ ጋሽ ሱለይማን፣ «ወላሂ አይችልም። አንድ ቀን ሊያሳየን ብሎ ስድስት ሰበረ።» ያን ጊዜ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። ዘይድ ደስታው በዝቶበት አረፋውን ወደ ጣሪያ በተነው።

በዚህ መሐል ሙባሽር የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ ገባ። አባቱን ማጠቢያው ላይ ሲያይ እዚያው ደረቀ። «ምን ተፈጠረ? ማን ሞተ?»

አባቱ ፎጣ ወረወሩለት። «ማንም አልሞተም። አንተን ይህን ሳላስተምር አሳደግሁህ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ያዝ።»

ከዚያ ሳይዞሩ፣ «መይሙና፣ ያ ደብዳቤ የት ነው?»

«ከስኳሩ ጀርባ።»

«ከዚያ አውጪው። ሰኞን አትጠብቂ፣ ዛሬ መልሺላቸው።»

መይሙና ስልኳን አወጣች። ‹እቀበላለሁ› የሚለውን ቁልፍ ነስረዲን አሳያት። ተጫነችው። እልልታዋን የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ሰምቶ ወጥቶ ጠየቀ።

ይህ ከሆነ አምስት ወር አለፈ። ይህን የሚያነብ አባት «ምን ተገኘ?» ይል ይሆናል። ይኸው። መይሙና አንድ ቀን ሳትቀር ትማራለች፤ የመጀመሪያውን ፈተናም አልፋለች። ቀድሞ እሷ ጓዳ ስትቀር ያለ እሷ የሚሰገደው የሌሊቱ ሰላት ኢሻ፣ ሥራው ተካፍሎ ቶሎ ስለሚያልቅ ቤት ባለች ማታ ሁሉ በአንድ ላይ ይሰገዳል። ነስረዲን ሱራውን ጨርሶ ሌላ ጀምሯል፤ አያቱ ፊትም መሐል ላይ አይቆምም፣ ምክንያቱም አያቱ አጠገቡ ቆመው ያጥባሉ እንጂ አያፈጡበትም። ሙባሽር ምስር ይሠራል። ጨው ይበዛበታል፤ ይበላል። ዘይድ ሦስት ብርጭቆ ሰብሯል፤ ይህም አይደበቅ። ልጆቹ የእናታቸውን ድካም በእጃቸው ስላወቁት፣ ሳይነገራቸው «እማ፣ ተቀመጪ» ማለት ጀምረዋል። ይህን ቃል በምክር ብቻ ልጅ አፍ ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ጋሽ ሱለይማንም ማታ ማታ ብቻቸውን ቴሌቪዥን ፊት መቀመጥ ቀርቶላቸዋል፤ ቅዳሜ ደግሞ በር ላይ አይቆሙም። ጓዳ ገብተው ኡስታዙን «ውሃህ ቀዝቅዟል» እያሉ ይቆጣሉ።

ባለፈው ማክሰኞ መይሙና ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል ጓዳው በር ላይ ቆመች። ብርጭቆዎቹ ተደፍተው ተደርድረዋል። ልጆቹ ማን ያድርቅ በሚል ይጨቃጨቃሉ።

«አባባ፣ እማማ ናዲራ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?»

ጋሽ ሱለይማን አንዱን ብርጭቆ አነሡ። አውራ ጣታቸውን በከንፈሩ ዙሪያ አዞሩ። ብርጭቆው ጮኸ።

«‹ቆየህ› ነበር የምትለኝ» አሉ። «ሂጂ አሁን፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»