የጋሽ ማርሽ ፒካፕና የናፍጣው ሞተር

ጋሽ ማርሽን የሚያውቅ ሁሉ ፒካፓቸውንም ያውቃል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ማለዳ ማለዳ ከላይኛው ሰፈር የጎረቤቱን ወተት በየቢዶኑ ሰብስበው፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርደው ለማቀዝቀዣ ጣቢያው ሲያስረክቡ ኖረዋል። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የሙያ ጓደኞቻቸው ናቸው፤ ፍሪሲዮን ሳይረግጡ፣ የሞተሩን ድምፅ ብቻ አዳምጠው ማርሽ ያስገባሉ እየተባለ ይወራላቸው ነበር። እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም። መኪና የሚነዳው በጆሮ ነው የምትለውን አባባል ለወጣት ሾፌር ሁሉ ያድሏት ነበር።

በዚያ ዓመት ግን የፒካፗ የቤንዚን ሞተር አረጀ። ጭሱ ከኋላ የሚመጣውን ያሳውራል፤ አቀበት ላይ ያቃስታል፤ ቤንዚኑንም እንደ ውሃ ይጠጣል። ወተት ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ ፀሐይ ከቀደመችው ተበላሸ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ቆመው ሙሉ ጭነት ከተደፋባቸው በኋላ፣ ጋሽ ማርሽ ሞተሩን አውጥተው በናፍጣ ሞተር ሊተኩት ቆረጡና አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የአሮጌ ብረት መሸጫ ግቢ ገቡ።

ዓይናቸው ወዲያው ያረፈው ከከባድ የጭነት መኪና በወጣ ባለ ስድስት ፒስተን ሞተር ላይ ነበር። ነጋዴው አስነሣላቸው። የቆመበት ግንድ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። ጋሽ ማርሽ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና ልባቸው ቀለጠ። በቃ ወስጄዋለሁ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከሞተሮቹ መሃል ቱታ የለበሰች ሴት ብቅ አለች። የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ነበረች።

በቴክኒክ ትምህርት ቤት የአውቶ መምህርት ናት። ወደ ግቢው የመጣችው ተማሪዎቿ ፈትተው የሚገጥሙት አሮጌ የናፍጣ ፓምፕ ፍለጋ ነው። ከአጎቷ ጋር ከተያዩ ቆይተዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ መካኒክነት እማራለሁ ባለች ጊዜ፣ አባቷን አስቀምጠው «ሴት ልጅ አንገቷን ኮፈን ውስጥ ቀብራ ምን ልትሆን ነው?» ብለው የተከራከሩት ጋሽ ማርሽ ነበሩ። አባትየው አልሰማቸውም። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ሲገናኙ ሰላምታቸው አጭር፣ እግራቸውም ፈጣን ሆነ።

መምህርቷ ግን ዝቅ ብላ እጅ ነሥታ ጤናቸውን ጠየቀች። ቀጥሎም ሞተሩን፣ ከዚያ በር ላይ የቆመችውን ፒካፕ አየት አየት አድርጋ፣

«ጋሼ፣ ይህን ሞተር ለየትኛው መኪና ነው የሚወስዱት?» አለች።

«ለፒካፗ ነዋ።»

«ስንት ኪሎ ይመዝናል?»

ጋሽ ማርሽን ጥያቄው ወጋቸው፤ በነጋዴው ፊት መሆኑ ደግሞ አባሰው። ሞተር በኪሎ አይገዛም፣ ሥጋ አይደለም አሏት። ትልቅ ሞተር አይደክምም፤ ትንሹ ሙሉ ጉልበቱን የሚያፈስበትን ጭነት ትልቁ እያፏጨ ይወጣዋል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም ብለው ደመደሙ።

እሷ ቃሏን ሳታከር መለሰች። ሞተሩ መጥፎ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን የተሠራው ለሌላ ሻንሲ መሆኑን አስረዳች። የፒካፗ የፊት ባሌስትራ እንዲህ ያለ ክብደት አያውቅም፤ አፍንጫዋ ይደፋል፣ መሪዋ ይከብዳል። ማርሾቹን የያዘው የካምቢዮ ብሎን ቀዳዳዎች ከሞተሩ ጋር አይገጥሙም፤ ቢገጥሙም ካምቢዮው ያንን ጉልበት ችሎ ዓመት አይከርምም። የማስነሻው ኤሌክትሪክ እንኳ የፒካፗ እጥፍ ነው። ጋሽ ማርሽ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል መለሱት፤ በያጅ አለ አሉ።

ነጋዴው ደግ ሰው ነበር፤ ክርክሩም ጥሞታል። ግቢው ብረት በኪሎ የሚሸጥበት ስለሆነ ሚዛን ሩቅ አልነበረም። ትልቁን ሞተር በሰንሰለት አንሥቶ አስቀመጠው፤ አራት መቶ ስልሳ ኪሎ። ቀጥሎ ከፒካፗ ሞተር ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የወደቀ የቤንዚን ሞተር አመጣ፤ መቶ ሃምሳ።

«እንግዲህ ጋሼ፣» አለች መምህርቷ፣ «አራት ወፍራም ሰዎች ኮፈኑ ላይ ጭነው ጧት ጧት ቁልቁለቱን ሊወርዱ ነው ማለት ነው።»

ነጋዴው ሳቀ። ጋሽ ማርሽ አልሳቁም። ባሌስትራ እጨምርበታለሁ አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ግን ሞኝ አልነበሩም። ሰው ብዙ ዘመን የኖረበትን እውቀት በልጁ ዕድሜ ያለ ሰው ሲያርመው፣ የሚከራከረው ስለ ነገሩ ሳይሆን ስለ ዕድሜው ነው።

«ፍሬኑስ?» አለች።

«ፍሬኑ ምን ሆነ? ሞተር ቢቀየር ፍሬን አይቀየርም።»

በዚህ ላይ አልተከራከረችም። ግቢው ውስጥ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ቦታ ነበር። ፒካፗን እዚያ ላይ እንዲያቆሙላት ለመነች፤ ከታች በኩል አሮጌ ጎማ ደረደረች። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ፍሬኑን አራት ጊዜ እንዲረግጡ፣ ቀጥሎም የእጅ ፍሬኑን ለቀው መኪናዋን በእግር ፍሬን ብቻ እንዲያቆሟት ጠየቀቻቸው። ጋሽ ማርሽ ይህችማ ምን አላት ብለው ገቡ። የመጀመሪያው እርግጫ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። ሁለተኛው ጠንከር አለ። አራተኛው ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ።

የእጅ ፍሬኑን ለቀቁ። ፒካፗ ተንሸራተተች። ረገጡ፤ አልቆመችም። በሁለት እግራቸው ቆሙበት፤ ጀርባቸው ከመቀመጫው ተነሣ። ፒካፗ እያመነታች ወርዳ ጎማዎቹን ገፋ አድርጋ ቆመች። ባዶ ነበረች፤ ቦታው ሜዳ ለማለት ትንሽ የቀረው፤ ፍጥነቷም የሰው እርምጃ።

መምህርቷ መስኮቱ ጋ ጠጋ አለች። «እግርዎን የሚያግዝ ክብ ቆርቆሮ ኮፈኑ ሥር አለ። የሚሠራው የቤንዚኑ ሞተር አየር ሲመጥጥለት ነው። የናፍጣ ሞተር እንደዚያ አይመጥጥም፤ ስለዚህ አየር መጣጭ ፓምፕ ለብቻው ይገጠምለታል። ይህ ትልቁ ግን የከባድ መኪና ነው፤ ከባድ መኪና የሚቆመው በታመቀ አየር ስለሆነ መጣጭ ፓምፕ የለውም። አሁን የረገጡት ድንጋይ የዘወትር ፍሬንዎ ይሆን ነበር ጋሼ። በሙሉ ጭነት፣ በዚያ አፍንጫ፣ በዚያ ቁልቁለት።»

ጋሽ ማርሽ መሪውን እንደያዙ ቀሩ። ከቁልቁለቱ ኩርባ ሥር አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ እሳቸው በሚያልፉበት ሰዓት ሕፃናቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ ይሻገራሉ። ትናንትም አቁመው አሳልፈዋቸዋል። ላብ በግንባራቸው ወረደ። ያልሆነ ነገር እንደሆነ አድርጎ የሚያስደነግጥ፣ መልሶም ተመስገን የሚያሰኝ ድንጋጤ አለ፤ የያዛቸው እሱ ነው። ሳሩን እንጂ ገደሉን አላየሁም ለካ አሉ ለራሳቸው።

ከመኪናዋ ወርደው ፊቷ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህን ትምህርት እንዳትማሪ አባትሽን የመከርኩት እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«አባትሽ ተቀይሞኛል።»

«አልተቀየመም። አባቴ ‹ወንድሜ ግትር ነው፤ መኪናው ያስቸገረችው ቀን ግን ወዳንቺ ይመጣል› ነው ያለኝ።»

ያኔ ጋሽ ማርሽ ሳቁ፤ ሳቁ ከልብ ስለነበር ነጋዴውንም አዳረሰው።

ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ የጋራ ሆነ። ነጋዴው ከግቢው ጥግ፣ በናፍጣ ከሚሠራው የዚያችው ፒካፕ ዓይነት የወጣ ባለ አራት ፒስተን ሞተር አሳያቸው። ሚዛን ላይ ወጣ፤ ሁለት መቶ ሃያ። መምህርቷ በካርቶን የካምቢዮውን ቀዳዳ ልክ ቆርጣ ስትለካው ሁሉም ገጠመ። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ይነሣ አለች፤ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃልና። የዘይቱን ክዳን ከፍታ ጭስ እንደማይተፋ፣ ውሃው ውስጥም ዘይት እንደሌለ አየች። መለዋወጫው በየሱቁ መኖሩን ጠየቀች። በመጨረሻ ከዲናሞው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፓምፕ አሳየቻቸውና አውራ ጣታቸውን ቀዳዳዋ ላይ እንዲያደርጉ ነገረቻቸው። ፓምፗ ጣታቸውን እንደ ጥጃ ሳብ አድርጋ ጠባችው።

«ድምፁንስ?» አለች መምህርቷ። «ይኼን እኔ አልችልበትም፤ እርስዎ ይስሙልኝ።»

ጋሽ ማርሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አዳመጡ። ናፍጣ ከሚረጩት ኢንጄክተሮች አንዱ ይጎትታል አሉ። ሲፈተሽ እውነትም ሦስተኛው ደክሞ ተገኘ። መምህርቷ ይህን ለተማሪዎቿ ሁሉ ነገረች፤ መማር ጆሮን አይሽርም፤ ጆሮም መማርን አይተካም አለቻቸው።

ሞተሩ በትምህርት ቤቱ ጋራዥ በአራት ቀን ተገጠመ። ራዲያተሩ በሰፊ ተተካ፤ ወደ ታንከሩ የሚመለስ የናፍጣ ቱቦ ተዘረጋ፤ አዲሱ የሞተር ቁጥርም በሊብሬው ላይ ተመዘገበ። ጋሽ ማርሽ ይህን የወረቀት ጉዳይ ሊዘሉት ፈልገው ነበር፤ አሁን ግን አልተከራከሩም።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ መምህርቷ ከጎናቸው ተቀምጣ ቁልቁለቱን ወረዱ። ቢዶኖቹ ሞልተዋል። ጋሽ ማርሽ ከኩርባው በላይ ፍሬኑን ረገጡ፤ ፔዳሉ ለእግራቸው ታዘዘ፤ ፒካፗም አፍንጫዋን ሳትደፋ ቆመች። በረጅሙ ተነፈሱ። ጣቢያው ሲደርሱ ፀሐይ ገና ወተቱን አልቀደመችውም ነበር።

ጥቅሙ ውሎ ሲያድር ታየ። በአንድ ቀን የቤንዚን ወጪ የሚገዛው ናፍጣ ለሁለት ቀን ይበቃል፤ አቀበቱ ላይ ማቃሰት ቀረ፤ ከኋላ የሚመጣ ሰው በጭስ አይታፈንም፤ የወተት ባለቤቶቹም ሰዓት ማየት ተዉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጋሽ ማርሽ ልብ ማረፉ ነው። መኪናቸውን ሊለውጥ የሚያስብ ሾፌር ሲያማክራቸው፣ ስለ ሞተሩ ጉልበት ከመናገራቸው በፊት ስለ ክብደቱ፣ ስለ ካምቢዮውና ስለ ፍሬኑ ይጠይቁታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

በዚያች የመጀመሪያ ማለዳ፣ ቢዶኖቹ ከወረዱ በኋላ፣ የጣቢያው ሠራተኛ ለሁለቱም አንዳንድ ብርጭቆ ወተት ሰጣቸው። ጋሽ ማርሽ ጠጥተው አፋቸውን ጠረጉና፣

«ለአባትሽ አንድ ቀን እመጣለሁ በይልኝ፣» አሉ።

«እኔ ለምን እነግርልዎታለሁ?» አለች መምህርቷ የፒካፗን በር እየከፈተች። «ዛሬ ቤት ነው ያለው። ይግቡና እንሂድ።»

ጋሽ ማርሽ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ገቡና ሞተሩን አስነሡ።