ስሙ የተፋቀው ሸክላ

ዶን ኒካኖር ካሲያኒ ለድምፅ ማጉያቸው የሚሆን ሽቦ ገዝተው ሲመለሱ፣ የወንድማቸው ልጅ ኤሚልሴ ከቱሊዮ ልጅ ሱቅ ስትወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰላም ብሎ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን ሽቦውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው መንገዱ መሐል ተገተሩ። በባራንኪያ ከተማ ዓይኑን ማየት የማይፈልጉት ሰው ቢኖር ቱሊዮ ነው። ሁለቱም ባለ ፒኮ ናቸውና።

ፒኮ ቁምሳጥን የሚያህል፣ ፊቱ በደማቅ ቀለም የተሳለ ድምፅ ማጉያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎዳና ላይ ይቆምና ሰፈሩ ይጨፍርበታል። የዶን ኒካኖር ፒኮ “እብዷ በቅሎ” ትባላለች፤ ከአፍንጫዋ እሳት ስትተፋ ተስላለች። የፒኮ ክብር ግን በሥዕሉ አይደለም፤ ሌላው ዘንድ በማይገኝ የሙዚቃ ሸክላ ነው። ስለዚህ መርከበኞች ከአፍሪካ ያመጡትን ሸክላ የገዛ ባለ ፒኮ ሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት በምላጭ ይፍቃል፤ ተቀናቃኙ የዘፈኑንና የዘፋኙን ስም አይቶ እንዳያስመጣ። ከዚያ ራሱ ደስ ያለውን ስም ያወጣለታል። ዶን ኒካኖር “የመበለቷ እንባ” ብለው የሰየሙት ሸክላ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አብሯቸው ኖሯል። ሰፈሩ ሙሽራ ሲሸኝም ሬሳ ሲሸኝም በእሱ ነው።

“ከዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?” አሉ ዶን ኒካኖር፣ ሰላምታውን ዘለው።

“አጎቴ! ደህና ዋሉ? ኢንተርኔት ልጠቀም ገብቼ ነው። እዚህ ሰፈር ገመድ አልባ ያለው እነሱ ጋ ብቻ ነው።”

“እጅሽ ላይ ያለውስ ምንድን ነው?”

“የኪስ ኮምፒውተር። ለእርስዎ ነው። ቤትዎ ላመጣልዎ ስል እርስዎ ቀደሙኝ።”

“ለእኔ? በስጦታ?”

“በስጦታ።”

“ልደቴ አይደለም፤ አልታመምኩም” አሉና ዓይናቸውን ወደ ሱቁ ወረወሩ። “ቱሊዮ ምን አለሽ?”

“ደህና ዋይ አለኝ።”

“እሱ ደህና ዋይ የሚለው ነገር ሲፈልግ ነው።”

አንባቢ ሆይ፣ ዶን ኒካኖርን ክፉ ሰው አድርገህ እንዳትወስድብኝ። የሰፈሩ ሰው ሲቸገር በራቸው ክፍት ነው። ግን ዕድሜ ልኩን አንድ ምስጢር ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ ቆይቶ ቆይቶ ሰላምታውንም መመርመር ይጀምራል። ይህ በሽታ ባለ ፒኮዎችን ብቻ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ባልጻፍኩት ነበር።

ቤት ገብተው ጓሮ ተቀመጡ። የተምር ሂንዲ ጭማቂ ቀረበ። ኤሚልሴ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ያጠናች፣ ለሽማግሌ ትዕግሥት ያላት ልጅ ናት። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ከጎኑ ቀጭን እንጨት የምትመስል ዘንግ መዘዘች።

“ቻርጅ አድርጌዋለሁ፤ አዲስ ነው፤ አስጀማሪው እርስዎ ይሁኑ። ይኸው መስቀል አሳየዎት። በዚህች መሐሉን ይንኩት።”

ዶን ኒካኖር መጀመሪያ አማተቡ፤ ከዚያ ነኩ። መስቀሉ ከዚያ ጠፍቶ ሌላ ጥግ ብቅ አለ።

“ሸሸኝ!”

“አልሸሸም። የእጅዎን አነካክ እየተማረ ነው።”

“የእኔን እጅ ተምሮ ምን ሊፈይድ? ሊፈርምልኝ ነው?”

“አጎቴ፣ ይንኩት እንጂ።”

እየተሳደቡ ነኩት። ዕቃው በመጨረሻ ጥያቄ አቀረበ፦ የባለቤት ስም።

“ለምን ስሜን ይጠይቃል? ፖሊስ ነው?”

“ቢጠፋብዎ ያገኘው ሰው ለማን እንደሚመልሰው እንዲያውቅ ነው።”

“ቱሊዮ ብለሽ ጻፊ።”

“ምን?”

“መዘዝ ከመጣ እሱ ጋ ይሂድ።”

ኤሚልሴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቦታውን ባዶ ተወችው። ቀጥላም ሙዚቃ የሚቀመጥበትን፣ ቀጠሮ የሚመዘገብበትን፣ ሞገድ ያለበት ስፍራ ሲደርሱ ዓለምን የሚያስሱበትን መስኮት በየተራ አሳየቻቸው። ዶን ኒካኖር አንገታቸውን እያሰገጉ አዩ። ደስም ሊላቸው ነበር፤ ግን ልጅቷ የማይነካውን ነካች።

“‘የመበለቷ እንባ’ ተሰንጥቋል አይደል? ባለፈው ቅዳሜ ቋ ቋ ሲል ሰምቻለሁ። ዛሬውኑ እዚህ ውስጥ እንቅዳው።”

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። “አሃ። አሁን መጣሽ ወደ ነገሩ።”

“ወደ የትኛው ነገር?”

“ከቱሊዮ ቤት ትወጫለሽ፤ ጆሮ ያለው ዕቃ ትሰጪኛለሽ፤ ከዚያ ሸክላዬን አምጣ ትይኛለሽ። እኔ ሕፃን ነኝ?” ተነሡና ከማድ ቤት የሾርባ ድስት አምጥተው የኪስ ኮምፒውተሩ ላይ ደፉበት። “አሁን መናገር እንችላለን።”

ልጅቷ ድስቱን አየች፤ አጎቷን አየች። “የሚቀዳው እኮ ሲያዙት ብቻ ነው።”

“ቱሊዮም እንዲህ ነው የሚለው። ስሚ ልጄ፣ ያ ሸክላ ዋጋ ያለው አንድ ስለሆነ ነው። ሁለት የሆነ ዕለት ማንም አህያ የሚጭነው ዕቃ ይሆናል።”

“አንድ ብቻ የሆነ ነገር ሲሰበርስ? ስንት ይቀራል?”

“እኔ እያለሁ አይሰበርም።”

“እርስዎ የሚጠብቁት ከሰው ነው። እየሰረቀዎት ያለው ግን መርፌው ነው። ባጫወቱት ቁጥር ትንሽ ይልጠዋል። እርስዎ በሩን ዘግተው ሲጠብቁ ሌባው ውስጥ ነው ያለው።”

“ቃላት ይችላሉ እነዚህ የተማሩ” አሉ ዶን ኒካኖር ለግድግዳው። “ደህና ዋይ፤ ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺ። ዕቃው ግን እዚሁ ይቆያል። የሰማውን ይዞ ቱሊዮ ጋ አይመለስም።”

ቅዳሜ “እብዷ በቅሎ” ጎዳና ወጣች። ሰፈሩ ከዳር እስከ ዳር ሞላ፤ አሬፓ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ ጠብሰው የሚሸጡት ሴቶች ሳይቀሩ ምጣዳቸውን ትተው ጨፈሩ። ምሽቱ እየገፋ ሲሄድ ሕዝቡ እንደ ልማዱ “እንባዋን! እንባዋን!” እያለ ጮኸ። ዶን ኒካኖር ሸክላውን ከሸሚዛቸው ሥር አውጥተው አስቀመጡት። ጊታሩ ገባ፤ ሰው እጁን አነሣ። ከዚያ መርፌው ስንጥቁ ላይ ደርሶ ዘለለ፤ ደግሞ ዘለለ። ሽማግሌው ሊያሻግሩት በጣታቸው ተጫን ቢያደርጉት፣ ስንጥቁ ቀጭ ብሎ እስከ መሐሉ ሄደና ሸክላው ለሁለት ተከፈለ።

በዚያ ሰፈር ቅዳሜ እንዲህ ያለ ጸጥታ ተሰምቶ አያውቅም። ዶን ኒካኖር ሁለቱን ክፋዮች ይዘው ቀና ሲሉ፣ ከዛፉ ሥር ቱሊዮን አዩት። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል። እየሳቀ ፊቱን ሊጋርድ ነው አሉ በልባቸው።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ፣ የኪስ ኮምፒውተሩን በመሐረብ ጠቅልለው የኤሚልሴን በር አንኳኩ። ዓይናቸው አብጧል።

“ይሄ ዕቃ መፈለግ ያውቃል ብለሽኛል።”

“ያውቃል አጎቴ። ይግቡ።”

“ሌላ አንድ ፈልጊልኝ። የትም ይሁን።”

“ስሙን ይንገሩኝ።”

“የመበለቷ እንባ።”

“እሱ እርስዎ ያወጡለት ነው። ወረቀቱ ላይ የነበረውን ስም ነው የምጠይቅዎ።”

ዶን ኒካኖር መሐረቡን አጠፉ፤ ዘረጉ፤ መልሰው አጠፉ። “አላነበብኩትም።”

“እንዴት?”

“ወደቡ ላይ ነው የገዛሁት። ሰው ሁሉ ያየኝ መሰለኝ። መርከበኛው እንደሰጠኝ እዚያው ቆሜ ፋቅሁት። ዓይኔ ሰዎቹ ላይ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።”

ኤሚልሴ መሳቅም ማልቀስም አማራት። ከሌሎች የደበቁት ስም ከራሳቸውም ተደብቆ ኖሯል። ይህ ስህተት ከባለ ፒኮ በቀር በማን ይደርሳል? ይሁንና ነገሬ ካልነው፣ ልጆቻችንን እንዳይበልጡን ብለን ሙያችንን የምንነፍጋቸው እኛስ ከዚህ ምን እንሻላለን?

“አንድ መንገድ አለ” አለች ልጅቷ። “የአፍሪካ ዘፈን የሚወዱ ሰዎች ከየአገሩ የሚገናኙበት ገጽ አለ። እርስዎ ያዜሙት፤ እቀዳዋለሁ፤ እንልከዋለን። የሚያውቅ ይነግረናል።”

“ማን ሁሉ ይሰማዋል?”

“የፈለገ ሁሉ።”

“ቱሊዮም?”

“እሱማ መጀመሪያ ነው የሚሰማው። የምንልከው ከእነሱ ሱቅ ነው።”

“አይሆንም!”

“እሺ፣ ይተዉት። ምስጢርዎ እንደተጠበቀ ይቀመጣል። ግን ምስጢሩ ምን ነበር? አሁን ያለዎት ሁለት ስባሪ ነው።”

ዶን ኒካኖር መሐረቡን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ዕቃውን ከእጇ ተቀበሉ፤ ወደ አፋቸው አስጠጉ፤ የትኛውን እንደሚጫኑ ጠየቁ። የማያውቁትን ቋንቋ፣ አንድ ቃል ሳይገባቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዜሙት። ጊታሩንም በአፋቸው ሠሩት። ሲጨርሱ ኤሚልሴ በእጇ ጀርባ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

ሱቁ ሲደርሱ በሩ ላይ ቱሊዮ ተቀምጧል።

“ኒካኖር! መንገድ ጠፍቶህ ነው?”

“መንገዱን አውቀዋለሁ። ሞገድ ፈልጌ ነው።”

ቱሊዮ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ዶን ኒካኖር አልተቀመጡም።

“ትናንት አንጀትህ ቅቤ ጠጥቶ ይሆናል” አሉ።

“ምን በወጣው? ሚስቴን የሸኘኋት በዚያ ዘፈን ነው” አለ ቱሊዮ። “አንተ ቤት እንደ ሌላው ሰው ገብቼ እለምንህ ዘንድ አልቻልኩም። ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ሬሳዋ ሲወጣ እንድታጫውተው ልጄን ላክሁብህ። አጫወትክልኝ። ረሳኸው?”

ዶን ኒካኖር አልረሱትም። ልጁ ዘፈኑን ሊያጠና የተላከ ሰላይ ነው ብለው፣ መስኮቱን ዘግተው ነበር ያጫወቱት። አሁን ትዝ ሲላቸው አፈሩ። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

ኤሚልሴ ዜማውን ላከችው፤ መልሱ ግን ወዲያው አልመጣም። ዶን ኒካኖር በየምሽቱ ዕቃውን ይዘው ሱቁ ይመጡ፣ ራሳቸው እየከፈቱ ራሳቸው ይፈልጉ ጀመር። መስቀሉ እንዳይሸሽ አነካኩን፣ ገጹን ወደ ላይ መግፋቱን፣ ባትሪው ሳያልቅ መሰካቱን ለመዱ። ባዶ የተተወው የባለቤት ስም ላይም አንድ ማታ ማንም ሳይነግራቸው ኒካኖር ካሲያኒ ብለው ጻፉ።

አንድ ቀን አፍሪካ ካለው ከፖይንት ኖይር ወደብ ክላሪስ የምትባል ሴት ዘፈኑን እንዳለ ላከችው። ጊታሩ ገባ። ቋ ቋ አይልም፤ አዲስ ነው። ቱሊዮ ከወንበሩ ተነሣ። ዘፈኑ ሲያልቅ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ በፈረንሳይኛ ቀጠለ፤ ኤሚልሴ እየሰማች ተረጎመችው።

“ፕሮስፔር ማሳላ እባላለሁ፤ የክላሪስ አባት ነኝ። የዘፈንኩት እኔ ነኝ። የዘፈኑ ስም ‘ብስክሌቴን መልስልኝ’ ነው። የሚስቴ ወንድም ተውሶኝ አልመልስ ብሎኝ የዘፈንኩት ነው።”

“ምን?” አሉ ዶን ኒካኖር። “የሰፈሩን ሬሳ ሁሉ የሸኘነው በብስክሌት ክርክር ነው?”

ቱሊዮ ግድግዳውን ይዞ ሳቀ፤ ዶን ኒካኖርም አልቻሉም፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተደገፉ ሳቁ። ድምፁ ግን አላበቃም ነበር።

“አገሬ ላይ ብዙ አልተሰማልኝም። ከሞትኩ አብሮኝ ይቀበራል ብዬ ነበር። ከባሕሩ ማዶ ሰው እየጨፈረበት እንደኖረ ማንም አልነገረኝም።”

ሳቁ ቆመ። ዶን ኒካኖር ዕቃውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

“ማን ይነግረዋል?” አሉ። “ስሙን በምላጭ ፍቄ። እኔ ስንት ዘመን ሌባ ስጠብቅ… ለካ የሰው ስም ሰርቄ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።”

በቅዳሜው “እብዷ በቅሎ” ፊት ቆመው ማይክሮፎን ያዙ። ከዚያ በፊት አንድም ባለ ፒኮ ያላደረገውን አደረጉ።

“ስሙኝ! ይሄ ዘፈን ‘የመበለቷ እንባ’ አይደለም። ‘ብስክሌቴን መልስልኝ’ ነው፤ የፕሮስፔር ማሳላ ነው፤ ሰውየው በሕይወት አለ፤ አሁን ጩኸታችሁን እቀዳለታለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ይሄንን ዕቃ ድስት ደፍቼበት ነበር። ሸክላዬን ስቀብር ዘፈኔን የመለሰልኝ እሱ ነው። የሚያረጅ መርፌ የለውም፤ የዘፈነውን ሰው እስከ ቤቱ ሄዶ ይጠራልሃል፤ የሙት ዓመት ቀንም ያስታውስሃል። ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲያመጡላችሁ ቀርባችሁ ጠይቁ። እኔ የዘገየሁባት አንድ ሳምንት ሸክላዬን አስከፍላኛለች!”

ሰፈሩ “ፕሮስፔር! ፕሮስፔር!” አለ፤ ዶን ኒካኖርም ቀዱ።

እሑድ ጠዋት በራቸው ተንኳኳ። ዶን ቱሊዮ ነበሩ። አዎ፣ ከዚህ በኋላ እኔም ዶን ብዬ አከብራቸዋለሁ፤ ዶን ኒካኖርም ማለት ጀምረዋል። ግራና ቀኙን አይተው ገቡና፣ ከሸሚዛቸው ሥር መሐሉ ነጭ እስኪሆን የተፋቀ ሸክላ አወጡ።

“እኔም አላነበብኩትም” አሉ በሹክሹክታ።

ዶን ኒካኖር አልሳቁም። ወንበር ስበው፣ ዕቃውን ከፍተው፣ ዘንጓን አቀበሏቸው። ዕቃው ከመቅዳቱ በፊት የላኪውን ስም ጠየቀ፤ ዶን ቱሊዮ ጠርጠር አድርገው አዩት።

“ለምንድን ነው ስሜን የሚጠይቀኝ?”

“ጻፍ ወንድሜ” አሉ ዶን ኒካኖር። “አለዚያ የጠፋብህን የማን ነው ብለው ይመልሱልሃል?”