ሚናውን ቤት ይዞ የሚገባ ሰው

ቀና በይልኝ የኔ እመቤት... እንዲህ። መርፌው እንዳይወጋሽ። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘሽ መሰል? ጫማሽን አውልቂው፣ ይድረቅ። ወገብሽ እንዴት ያምራል! ሰው ግን ሥራ አጥቷል፤ «የቀድሞ ሚስት ለአዲሷ ሙሽራ ቬሎ ትሰፋለች» ይላል አሉ። ምን አለበት? ሙያዬ ነው።

እጮኛሽ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጧል አይደል? ይቀመጥ። ስለ እሱ ምን አወራለሁ? የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። አንድ የመድረክ ሰው ነበር... መቼም እንደሱ ያለ ሥራ አክባሪ አልተፈጠረም። ሌላው ተዋናይ ሚናውን መልበሻ ክፍል አውልቆ ይሄዳል፤ እሱ ቤቱ ይዞት ይገባል። ዓይነ ስውር ንጉሥ የሆነ ጊዜ ሚስቱ እጁን ይዛ ሽንት ቤት ታደርሰው ነበር። ልጆቹም «ግርማዊ ሆይ፣ ደብተር አለቀብን» እያሉ ደጅ ይጠኑታል። ስንት ልጅ ነው ንጉሥ አባት ያለው?

ቀጥሎ ሚስቱ የሞተችበት ባል ሆነ። «ስሜቱ አልመጣልኝም» አለ። እውነቱን ነው፤ እሷ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት እየከተፈች እንዴት ይምጣለት? ስለዚህ ሞተች። ፎቶዋ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ሳሎን ተሰቀለ። ጎረቤትም አርቲስቱን ላለማስቀየም ለቅሶ ደረሰ። ሻይ ያቀረበችላቸው ማን ትመስልሻለች? ሟቿ ናት እንጂ! አክስቱ ስኳር አነሰው ብለው ስኒውን መለሱላት። ትንሹ ልጅ ብቻ «እማዬ፣ መቼ ነው የምትነሺው?» አለ። «ተውኔቱ ሲያልቅ» አለችው። ተውኔቱ ደግሞ አላልቅ አለ፤ ሕዝቡ ወደደው። እኔም... እሷም ማለቴ ነው፣ ትኬት ቆርጣ ገብታ ለራሷ አለቀሰች።

ሚስት የሞተችበት ሰው ቢያገባ ነውር አለው? አገባ። ለሁለተኛዋም ምንም አላጎደለባትም፤ ብቻ የከዳተኛ ሚስት ተውኔት ላይ ደረሰች። ከገበያ ስትመለስ ሻንጣዋ ደጅ ጠበቃት። ጎረቤት አጨበጨበ፤ እሱም ከበረንዳው ላይ እጅ ነሳ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባል የለ? በዚያ ቤት ከአንድ ደራሲ ነው የሚቀዳው።

ክንድሽን አንሺ... ምነው ቀዘቀዘሽ? ያንቺው እኮ ሌላ ነው። አሁን የሚጫወተው አፍቃሪ ጎረምሳ ነው አይደል? በዚያ በሚያመው ጉልበቱ መስኮትሽ ሥር ተንበርክኮ ይዘፍናል አሉ። መታደል ነው! ሠርጋችሁ እሑድ፣ የተውኔቱ መዝጊያ ቅዳሜ... እንዲያው መገጣጠም ነው። የሚቀጥለው የመነኩሴ ሚና ነው የሚሉሽንም አትስሚ። ጢሙን ለምን ማሳደግ እንደጀመረም አትጠይቂው፤ አርቲስት አይጠየቅም።

ጨርሰናል። ዙሪ እስቲ... ወይ ማማር! አምላክ ትዳርሽን ይባርክልሽ የኔ ቆንጆ። ተመልካች አያሳጣሽ። ወልደሽ ሳሚ፤ ልጆችሽም አባታቸው አባት ሆኖ በሚጫወትበት ዘመን ይወለዱልሽ።