ከኮዳው የተመለሰ እጅ

ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ከማን ጋር እንደሚገናኝ አያውቅም። አንዲት ነርስ በዕረፍት ቀኗ ስትጋልብ ውላ፣ ልክ ከዳገቱ እግር ስትደርስ የብስክሌቷ ሰንሰለት ባይበጠስ ኖሮ፣ ጋሽ ፒንሳ የሚባሉት ብስክሌት ጠጋኝ በያዙት ሐሳብ እንደጸኑ ወደ መቃብር በወረዱ ነበር። ብቻቸውን ቢወርዱም ደግ፤ ሰው ይዘው ነበር የሚወርዱት።

ጋሽ ፒንሳ የሚለው ስም የወጣላቸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ፒንሳ ከእጃቸው አይለይም። ሁለተኛው ደግሞ አንዴ የያዙትን ነገር አይለቁም። የሥራ ቤታቸው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ከበሩ በላይ ጎማ የሌለው ቸርኬ ተሰቅሏል። ውስጧ ማስቲሽና ዘይት ይሸታል፤ ጥጉ ላይ ደግሞ የካላማደሪያ ቀዳዳ የሚፈለግበት ውሃ የሞላ ሳፋ አለ።

«እንደምን ዋሉ አባባ፤ ሰንሰለቴ ተበጠሰብኝ።»

«ግቢ ልጄ። እዚህ ዳገት ላይ የስንቱ አንጀት ይበጠሳል፣ እንኳን ሰንሰለት።»

ብስክሌቱን ገልብጠው በመቀመጫው አቆሙት። ዓይናቸው ግን ሰንሰለቱን ትቶ ሁለት የውሃ ኮዳ ያቀፉ ሁለት ማቀፊያዎች ላይ ዐረፈ።

«ሰንሰለቱን እቀጥልልሻለሁ። እግረ መንገዴን እነዚህን ነቅዬ እጥልልሻለሁ።»

«ምነው አባባ?»

«ብስክሌት ነው ወይስ የውሃ ቦቴ?»

ነርሷ ሳቀች። «ከሦስት ሳምንት በኋላ ውድድር አለብኝ። ያለ እነሱ አልወጣውም።»

የትኛው ውድድር እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ከሐይቁ በዋና ይጀመራል። ከዚያ በብስክሌት አምስት ዳገት ይወጣል፣ ይወረዳል። ብስክሌቱ የሬዲዮ ማማው ካለበት ተራራ ግርጌ ይተውና እስከ ማማው በሩጫ ነው። ዞሮ መግቢያ የለውም፤ ከተነሱበት አይመለሱም። ዋናተኛው ልብሱን ሐይቁ ዳር ጥሎ ይሄዳል፣ የሩጫ ጫማው ደግሞ ቀድሞ ተራራው ሥር ይጠብቀዋል።

«ስሚ ልጄ» አሉ፣ የተበጠሰችውን የሰንሰለት ዐይን በፒንሳ እየገፉ። «እኔ ይህን ዳገት በወጣትነቴ አሸንፌዋለሁ። ምላሴ ላይ ጠጠር አድርጌ። አንድ ጉንጭ ውሃ አልቀመስኩም። ውሃ የጠጣ ሆዱ ይንቦጫቦጫል፣ ጎኑን ይወጋዋል፣ ልቡ ይላላል።»

«በአንድ ጊዜ ከገለበጠው እውነትዎን ነው፤ ይንቦጫቦጫል። ቀስ እያለ፣ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ሁለት ጉንጭ ቢወስድስ?»

«ለውሃ መቆም የጀመረ ለሁሉም ይቆማል።»

«አባባ፣ ይህን ሰንሰለት ከቀጠሉ በኋላ ምን ያደርጉለታል?»

«ዘይት እቀባዋለሁ።»

«ሳይቀቡት ቢተዉትስ?»

«ይጮሃል፣ ይበላል፣ ደግሞ ይበጠሳል። ግን ሰው ብረት አይደለም!»

«እኔም እሱን ነው የምልዎ። ለብረቱ ያዘኑለትን ለሰው ነፈጉት።»

ጋሽ ፒንሳ ቀና ብለው አዩአት። ትምህርት ቤት ያስተማረው አፍ እንዲህ ሲቀድማቸው የመጀመሪያው አልነበረም። እዚህ ላይ የሰውዬውን ቁስል ሳይናገሩ ማለፍ ግፍ ይሆናል። ጋሽ ፒንሳ በመንገዱ የተከበሩ ጋላቢ ነበሩ። አሰልጣኝ ተፈልጎ ሊመዘገቡ ሲሄዱ ግን ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ጎረምሳ «ወረቀትዎ የታለ?» አላቸው። እግሬን እየው አሉት። ሳቀ። ቦታው የተሰጠው ዳገት በመኪና እንጂ በእግሩ ላልወጣ ሰው ነው። ወረቀት የያዘ ሁሉ አዋቂ፣ እጁ ዘይት የነካ ሁሉ ደንቆሮ ሆኖ በሚቆጠርበት አገር፣ የተናቀ ሰው እልኸኛ ቢሆን ምን ይደንቃል? እልኹ ግን ውሃ አይሆንም።

«አንቺስ ዳገት አወጣጥ የት ተማርሽ?» አሉ በነገር።

«የትም። ለዚያም ነው ሰንሰለቴ የተበጠሰው። ይንገሩኛ አባባ።»

ይህን አልጠበቁም። ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ዳገቱ ሲጀምር አይደለም ማርሽ የሚቀየረው፤ ገና ሜዳው ላይ እያለሽ ነው። ዳገቱ ከተጫነው በኋላ ስትቀይሪ ነው ጥርሱ ሰንሰለቱን የሚነክሰው። ደግሞ አትቁሚበት፤ ተቀምጠሽ ውጪ።»

«ይህን በመጽሐፍ አላገኘሁትም» አለችና ከልቧ አመሰገነቻቸው። ቀጥላም እንዲህ አለች። «እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ፤ ከሥራዬ ያየሁትን ልንገርዎ። በሙቀት ውሃ ያልጠጣ ሰው መጀመሪያ ይበሳጫል። ከዚያ እግሩ ይተሳሰራል፣ የማይሆን ነገር ይናገራል። በጣም የሚያስፈራው ግን አንዳንዱ ላቡ ሲደርቅ ነው። ፊቱ ደረቅ ሆኖ ቆዳው እንደ ምጣድ ይግላል። ያኔ ቶሎ ካላቀዘቀዙት...»

የፒንሳው ድምፅ ቆመ።

«ላቡ ሲደርቅ» አሉ ጋሽ ፒንሳ ቀስ ብለው፤ «ላብ አለመኖሩ የጉብዝና ምልክት አይደለም?»

«ኧረ አይደለም አባባ። የሞት ደጃፍ ነው።»

ተነሡ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ከመደርደሪያው የቡሎን ቆርቆሮ አወረዱ። ከቡሎኖቹ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወጣ።

«የልጄ ነው። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። እዚያው ውድድር ላይ፣ የማማው ዳገት ላይ ነው የወደቀብኝ። ሐኪሙ ይህን ሰጠኝና ‹ዝርዝሩ እዚያ ላይ አለ› ብሎ ፊቱን አዞረ። በውጭ ቋንቋ ነው የተጻፈው። እኔ ለሰው ሁሉ ከልጅነቱ ልቡ ደካማ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። አንብቢልኝ።»

ነርሷ ወረቀቱን ዘርግታ አነበበች። ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አለፈና ደግሞ ተመለሰ።

«ልብ... የልብ ድካም ነው የሚለው አባባ።»

«ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ካላማደሪያ ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚያፈሰውን አውቃለሁ።»

አቀረቀረች።

«የተማረ ሰው እኔን ሁለት ነገር ነው ያደረገኝ» አሉ። «ወይ ሳቀብኝ፣ ወይ አዘነልኝ። ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ግን አንድም የለም። አሁን አንቺም ልታዝኝልኝ ነው? አትዘኝልኝ። ንገሪኝ።»

ነርሷ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ቃል በቃልም ተረጎመችላቸው። ልቡ ጤነኛ ነበር። የገደለው ሙቀት ነው፤ የሰውነቱ ውሃ ተሟጦ ነበር።

 መንገድ ላይ መኪና አለፈ፤ የሳፋው ውሃ ተንቀጠቀጠና ረጋ። ከዚያ መናገር ጀመሩ፤ ለእሷም ይሁን ለሳፋው አይታወቅም።

«ልጆቼን ሳሰለጥን ፈተና ነበረኝ። ዳገቱ አናት ላይ ቆሜ ውሃ እዘረጋላቸዋለሁ። እጁን የሰደደ ዳገቱን ወርዶ እንደገና ይወጣል። እምቢ ያለ ጀግና ይባላል። ያን ቀን ከማማው በታች ጠረጴዛ ላይ ውሃ ተደርድሮ ነበር። ልጄ እየተንገዳገደ መጣና እጁን ዘረጋ። ኮዳውን ሊነካው ነው። ቀና ሲል አየኝ። እኔ እዚያ ቆሜያለሁ። እጁን መለሰው።»

«አባባ...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አጠገቤ ለቆመው ሰውዬ ምን አልኩት መሰለሽ? ‹እየው የኔን ልጅ፣ ላብ እንኳን የለውም!› ብዬ ፎከርኩ።»

ነርሷ አለቀሰች። ለዚህ የሚሆን መጽናኛ የትኛውም ትምህርት ቤት አይሰጥም። ከቆየች በኋላ ግን ማድረግ የሚገባትን አደረገች፤ ጠየቀች።

«ሌላ ልጅ አለዎት?»

«ታናሽ እህቱ። ልብስ ሰፊ ናት።» ወደ በሩ አዩ። «በወንድሟ ምትክ ዘንድሮ እወዳደራለሁ ብላለች። ከጠዋት ጀምሮ ዳገት ላይ ናት።»

«ውሃ ይዛለች?»

ጋሽ ፒንሳ ብድግ አሉ። መሳቢያቸውን ስበው ወለሉ ላይ ገለበጡት። ከየሰዉ ብስክሌት የነቀሏቸው ማቀፊያዎች ተንኮሻኮሹ። ከመሃላቸው ቀዩን አነሡ፤ የልጃቸው ነው። ከነኮዳው ነበር የተቀመጠው። ኮዳውን ሦስት ጊዜ አጥበው ከቧንቧ ሞሉትና ደጅ ወጥተው ቆሙ።

ልጅቱ ከቁልቁለቱ ብቅ ስትል ከንፈሯ ነጥቶ ተሰነጣጥቆ ነበር። ስትወርድ እግሯ ከዳትና ግድግዳውን ያዘች። ጋሽ ፒንሳ ኮዳውን ዘረጉላት።

አየችው። አየቻቸው። እጆቿን ወደ ኋላዋ አደረገች።

«አልጠማኝም አባዬ።»

«ጠጪ የኔ እናት።»

«አልጠማኝም አልኩህ እኮ። አትፈትነኝ፣ እምቢ ማለት እችላለሁ። ከፈለግህ ደግሜ እወጣዋለሁ።»

ያን ጊዜ ጋሽ ፒንሳ ወደ ልጃቸው አንድ እርምጃ ቀረቡ። ነርሷ ልትናገር ብትል በእጃቸው ከለከሏት። ኮዳውን ወደ አፋቸው አንሥተው፣ ልጃቸው እያየች፣ ጠጡ። አባቷ መንገድ ዳር ውሃ ሲጠጣ አይታ አታውቅም።

«ፈተናው የለም» አሏት። «ድሮም ፈተና አልነበረም። አባትሽ አያውቅም ነበር። ወንድምሽን የገደለው አለማወቄ ነው። እንኪ፣ ቀስ ብለሽ።»

ልጅቱ እያለቀሰች ጠጣች። እሳቸውም ቀዩን ማቀፊያ በሁለት ቡሎን ብስክሌቷ ላይ አሰሩት። ካቻቪቴው ሁለት ጊዜ ወደቀባቸው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ነርሷና ልጅቱ አብረው ተሰናዱ። ነርሷ ሥርዓቱን በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችላቸው። በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ጉንጭ ውሃ፤ ከመጠን በላይ ግን አይጠጣም፣ እሱም ይጎዳል። በረጅሙ ቀን ቁንጥር ጨው ይገባበታል። ከሦስተኛው ዳገት በፊት ሙዝ ወይም ዳቦ ይበላል። በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት። ሐይቅ ውስጥ ብቻን አይዋኝም፣ ጓደኛ ይከተላል። ጋሽ ፒንሳም የራሳቸውን ጨመሩበት፤ ማርሹ ሜዳ ላይ ይቀየር፣ ከብስክሌት እንደወረዱ የመጀመሪያው ሩጫ በዝግታ ይሁን።

ጥቅሙ ሳይውል ሳያድር ታየ። ልጅቱ አምስተኛው ዳገት ላይ ይይዛት የነበረው የእግር መተሳሰር ቀረ። ማታ ማታ ጭንቅላቷን የሚከፍላት ራስ ምታት ለቀቃት፤ በማግስቱ ስፌቷ ላይ አታንቀላፋም። ዳገቱንም ከቀድሞው ባጠረ ጊዜ ወጣችው። ውሃ ያላላዋል የተባለው ልብ ያው ልብ ነበር፤ የቀለለው የሚሸከመው ጭነት ነው። እንግዲህ የተማረ ሰው የሚያውቀውን በሚገባ ቋንቋ፣ ፊቱን ሳያዞር ቢናገር፣ ያልተማረውም ተናቅሁ ብሎ ጆሮውን ባይደፍን፣ ስንቱ ልጅ ዛሬ በቤቱ በነበረ።

የውድድሩ ዕለት ልጅቱ አሥራ አንደኛ ወጣች። ነርሷ ከኋላዋ ገባች። ጋሽ ፒንሳ ግን ማማው ዘንድ አልነበሩም። ከማማው በታች፣ ያኔ ልጃቸው እጁን ከመለሰበት ቦታ፣ ጠረጴዛ ዘርግተው ለመጣው ሁሉ ውሃ ሲያድሉ ዋሉ። «ውሰድ ልጄ፣ ውሰጂ፣ ምንም አይደለም፣ ጠጡ» ይሉ ነበር። ልጃቸው ስትደርስ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ኮዳውን ከእጃቸው ወስዳ፣ እያዩአት፣ ጠጥታ አለፈች።

የመጨረሻው ሯጭ አለፈ። አስተናባሪዎቹ ገመዱን ጠቀለሉ፣ ጠረጴዛውን አጠፉት። መንገዱ ባዶ ሆነ። ጋሽ ፒንሳ ግን አንድ ኮዳ እንደያዙ፣ እጃቸውን ወደ ቁልቁለቱ ዘርግተው፣ ገና አንድ ሰው እንደቀራቸው ቆመው ነበር።