የሚደግም ሰው

የተከበራችሁ ልጆቻቸው፤ የተከበራችሁ ጎረቤቶቻቸው፤ ከነጋዋናችሁ ከፈረቃ የመጣችሁ የሆስፒታሉ ባልደረቦቼ፤ በዚህ ፀሐይ ስለ እትዬ ብላችሁ የቆማችሁ ሁሉ፤ መጽናናቱን ለሁላችን ያድለን።

እኔ ከእትዬ ጋር በልብስ ማጠቢያው ክፍል ለዓመታት አንሶላ አጥፌያለሁ። አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ አንዱን ጫፍ እኔ። አንሶላ አብሮ ያጠፈ ሰው ይተዋወቃል።

«እትዬ ድገማ» የምንላቸው ለምን እንደሆነ የማታውቁ አላችሁ? ልንገራችሁ። አንድ ቀን የአስተዳደር ጸሐፊዋ በራችን ላይ ቆማ፣ መንግሥት ወደ ትምህርት ለሚመለሱ ጎልማሶች ድጎማ ጀምሯል፣ የትምህርት ቤቱን ይከፍላል፣ ከሥራ ለምትቀሩበት ሰዓትም ደመወዝ ይተካል ብላ ተናገረች። ማሽኑ ይጮሃል። እትዬ ድጎማ የተባለውን ድገማ ብለው ሰሙት። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «ስምንተኛ ክፍልን በልጅነቴ ደግሜ ነው ያቋረጥኩት፤ አሁን ደግሞ በስተርጅና መንግሥት ሊያስደግመኝ ነው?» አሉ። ሳቅን፣ ሳቅን፤ አንሶላው ከእጃችን ወደቀ። ስሙም በዚያው ወጣላቸው።

እሳቸው ግን አልተቀየሙም። ነገሩ ሲገባቸው ከሁላችን ቀድመው ተመዘገቡ። ምን ፈልገው? ነርስ መሆን። የልጅ ልጅ ያዩ ሴት! አንሶላውን ማጠብ አልበቃቸው ብሎ፣ አንሶላው ላይ የሚተኛውን ሰው ማስታመም አማራቸው።

ከዚያ ሒሳብ ጣላቸው። ደንቡ ደግሞ የወደቀ ሰው ድጎማው ይቋረጥ ይላል። ድጎማው ከተቋረጠ በምን ይማሩ? አብሬያቸው ወደ ድጎማው ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጣቸው። እሱም እንደሚያዝን ነገራቸው፤ ግን የሚደግም አይደጎምም አለ። እኔ በቃ አለቀ ብዬ ተነሣሁ። እሳቸው አልተነሡም።

«ልጄ፣» አሉት፣ «እኛ ዘንድ አንሶላ ይታጠባል። እድፉ ባንድ እጥበት አልለቅ ካለ ይደገማል። አንሶላው ይጣል ያለ አለቃ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሰውየው ደንቡን መሻር ከእሱ ሥልጣን በላይ ነው፤ ለበላዮቼ ግን እጽፋለሁ አለ። ቃሉንም ጠበቀ። መልሱ እስኪመጣ እኛ የእትዬን ፈረቃ ተከፋፈልን፤ እሳቸው ሒሳቡን እንደ ግትር እድፍ ፈተጉት። በመጨረሻ መልሱ መጣ። የወደቀ ሰው አንድ ጊዜ ከነድጎማው እንዲደግም ተፈቀደ። ለእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም። አንዲት ልብስ አጣቢ ከወንበሯ አልነሣም ስላለች ደንብ ይለወጣል? ተለወጠ። እኔ ዛሬም ይገርመኛል።

እስቲ፣ በዚያ ደንብ ደግማችሁ ያለፋችሁ እጃችሁን አውጡ። አትፈሩ፤ ይኸው የእኔ። ነርስ ያደረገኝ እሱ ነው። የአምቡላንሱ ሾፌር፣ አንተም ነህ? ይህንንስ አላውቅም ነበር። ልጆቻቸው፣ እባካችሁ ዞር ብላችሁ እዩ። ይህን ሁሉ ሰው ያሳለፉት እናታችሁ ናቸው።

እትዬ ፈተናውን አለፉ፤ ነርስ ሆኑ፤ ጡረታ እስኪወጡም አስታመሙ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በሠሩበት ክፍል ታመው ተኙ። ሐኪሙና እኛ ኮሪደር ላይ፣ እንደማይድኑ እንዴት ይነገራቸው እያልን ስንንሾካሾክ ቆየን። ስገባ የራጃቸውን ፊልም በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግተው አገኘኋቸው። ልቀበላቸው እጄን ሰደድኩ።

«ተይው፣ አይቼዋለሁ» አሉኝ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንቱ በሽተኛ የራሱን ነገር ከሐኪም ፊት ላይ ለማንበብ ሲጨነቅ አይቻለሁ። እኔ ከራጁ አነበብኩት። ራስ አንብቦ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።»

በዚያች ሰዓት፣ ትልቅ ነገር ነው አሉ! ከዚያ የመጨረሻ ልጃቸውን አስጠርተው እሳቸው ራሳቸው ነገሩት። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ልጁ እንደ ቆመ ማልቀስ ሲጀምር ወንበሩን አሳዩት፤ «ተቀምጠህ አልቅስ፣ ይደክምሃል» አሉት።

እትዬ፣ ደህና ይሁኑ። ዛሬ ሁላችንም ቆመን ነው የምናለቅሰው፤ ይቅር ይበሉን።