በድንጋይ ፈንታ ሆዳሙን ተሸክሜ

ክቡራትና ክቡራን፣ የግብርና ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ወይዘሮ ሸዋረግ፤ ላሰናዳችሁልኝ ድግስ አላህ ይስጥልኝ። ለእስላሙ አንድ፣ ለክርስቲያኑ አንድ፣ ሁለት በግ ጥላችኋል። ለአንድ ዘበኛ ሽኝት ሁለት በግ! መሄዴ እንዲህ ያስደስታችኋል?

«አባባ ጀማሉዲን፣ ትከሻዎት ላይ የጫኑት ምንድን ነው?» ስትሉኝ ነበር። ቀስ በሉ፤ እደርስበታለሁ።

የእንስሳት ሐኪማችን ሀቢቡላህ ከጅዳ ሲመለስ ይህን የጨዋታ ሣጥን አምጥቶ ክበባችን ቴሌቪዥን ላይ ሰካው። አንድ ቢጫ ክብ አፉን እየከፈተ በጉራንጉር ይሮጣል፤ ነጠብጣብ ይለቅማል፤ አራት ጅኒዎች ያሳድዱታል። ሆዳሙ አልነው። ነፍሱ ሦስት ነው፤ ከእኛ በሁለት ይበልጣል።

ሀቢቡላህ አስጠንቅቆን ነበር። «ዋናው ማሽን ቁም ሣጥን ያህላል፤ ሳንቲም ይጎርሳል፤ ጅኒዎቹም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ይሄ የቤት ነው። ጅኒዎቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ» አለን። ማን ሰማው?

ያን ቅዳሜ ከሾፌራችን ከቢተው ጋር ጨዋታ ገጠምሁ። አንድ ነጠብጣብ ቀረኝ። መንገዱ ባዶ ነው። ገባሁ፤ ሞትሁ።

«ምን ገደለኝ? ጅኒ የለም!»

«አለ እንጂ! በዚህ ዓይን ነው መጋዘን የሚጠብቁት?» አለ ቢተው። እናንተም ሳቃችሁ።

ሌባ ያላመለጠውን ዓይን! ሽመሌን አንስቼ አፉን አልሁት። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ሻይ ብርጭቆው ውስጥ ሲገቡ ሰማሁ። እሱም ወንበሩን ጎኔ ላይ ሰበረው፤ ወንበሩና ጎድኔ አብረው ጮኹ። ወድቄ በጫማው ሲረግጠኝ የእጁን ጣት ይዤ ነከስሁት፤ እኔም ሆዳም ሆንሁ። መካነ ሰላም ተብሎ ስም በወጣለት ከተማ ወለሉ በደም ራሰ። ደሙ ቴሌቪዥኑ ላይ ተረጭቶ፣ ጅኒዎቹ ከደሙ ኋላ ብልጭ ድርግም ሲሉ ያኔ አየኋቸው።

ቢተው ልክ ነበር።

ሽማግሌ አጨባበጠን። እኔ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ «ተሳስቻለሁ» የምትል ቃል ከአፌ አልወጣችም። እሱም ድዱን እንዳላይ፣ እኔ ባለሁበት አንድ ቀን ስቆ አያውቅም።

ባገራችን ደም ያፈሰሰ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ይቆማል። ተበዳዩ ይቅር ብሎ ካላወረደለት ሸክሙ አይወርድም። እኔ በድንጋይ ፈንታ ይህን ሆዳም ተሸክሜአለሁ። ነገ ወግዲ፣ ልጄ ዘንድ እገባለሁ፤ እዳዬን ይዤ ግን አልገባም። ቢተው ልጄ፣ ጅኒው ነበረ። የሳተው የእኔ ዓይን ነው። አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።

ገና ተቀምጠሃል? እሺ፤ እስክታወርድልኝ እመርቃለሁ። አሚን በሉ!

ዝናቡን በወቅቱ ያውርድላችሁ። ዘርታችሁ ቃሙ፣ ወልዳችሁ ሳሙ። ከማይታይ ጅኒ ይሰውራችሁ። እጃችሁ ከምላሳችሁ አይቅደም። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ዘበኛ ደግሞ ዓይኑ የበራ፣ ዱላው የቀለለ ይሁንላችሁ።

ወይ አንገቴ! ምርቃቱም ሊያልቅብኝ ነው…

ተነሳህ? ና፣ ና የእኔ ልጅ። ቀስ ብለህ ያዘው፤ ከዚህ በላይ ሰው እንዳይሰብር።

እንዴ! ሳቅህ? ሰዎች፣ እዩልኝ! ሰባት ዓመት የተነፈግሁት ድድ ይኸው!

አሚን።