ያልተሳሳምንበት ጥምቀት

ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ትራም ውስጥ ከኋላዬ አንዲት አሮጊትና አንዲት ወጣት በአማርኛ ያወሩ ነበር።

«ለጥምቀት እዚህ ባሕሩ ዳርቻ ስንሰበሰብ ለምን ሳትስሚኝ ቀረሽ? አፍሽን በነጠላ ሸፍነሽ ከሩቅ እጅ ነሳሽኝ» አሉ አሮጊቷ።

«እትዬ፣ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ወረርሽኝ ገብቷል። እንዳላጋባብዎት ፈርቼ ነው።»

«ሜዳ ላይ? ያ ሁሉ ነፋስ እያለ?»

«ነፋስ ቢኖርም ከተሳሳምን ያው ነው። ልጅዎ ከሱዳን ልትመጣ ነው። ስንት ዓመት የጠበቋትን ልጅ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ሄደው ይቀበሏት እንጂ፣ አልጋ ላይ ታመው እንድታገኝዎት አልፈለግሁም።»

«አንቺስ፣ ሰው አልናፈቀሽም?»

«ከአገሬ ከወጣሁ የሳመኝ የለም፣ እትዬ። ባሕሩ ዳርቻ የመጣሁትም ለዚያው ነበር።»

«ውይ ልጄን! በሽታው ይለፍና ቤቴ ነይ፤ አገላብጬ እስምሻለሁ።»

እኔም ሳሚ ያጣ ጉንጬን ቀዝቃዛው የመስኮት መስታወት ላይ አሳረፍሁ።